ሲስተር ትመልሳለች፦ ልጅ የባሕር ዛፍ ዘይት ቢጠጣ አታስመልሱት

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ትንንሾቹ የዘይት ጠርሙሶች ናቸው። ከደሴ ፒያሳ የኮስሞቲክስ ሱቆች እስከ ኮምቦልቻ አዟሪዎች ድረስ የባሕር ዛፍ፣ የላቬንደር፣ የቲ ትሪ፣ የፔፐርሚንት፣ የቅርንፉድ ዘይት በየቦታው ይሸጣል። “ኢሴንሻል ኦይል” እየተባለ ለጉንፋን፣ ለፀጉር፣ ለእንቅልፍ፣ ለጥርስ ይገዛል። እኔ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፤ ጠርሙሱን ብዙ ጊዜ የማየው ተጋምሶ ወይም ባዶውን፣ የደነገጠች እናት ጨብጣው ስትገባ ነው። ስለዚህ አምዱን በሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፊ ቦታ ወስዷል፤ ይገባዋልም።

“ጣቴን ከትቼ አስመለስኩት፣ ወተትም አጠጣሁት”

*ሲስተር ልጄ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖር። የሁለት ዓመት የልጅ ልጄ ለጉንፋን የገዛነውን የባሕር ዛፍ ዘይት ከራስጌ አግኝቶ ጠጣው። ምን ያህል እንደጠጣ አላየሁም፤ ስደርስ አፉ ይሸታል፣ ያስለዋል። ጎረቤቱ ሁሉ “አስመልሽው! አስመልሽው!” ሲለኝ ጣቴን ከትቼ አስመለስኩት። መርዙን ያረክሰዋል ብለው ወተትም አጠጣነው። ትንሽ ቆይቶ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው፤ አድሮ በማግስቱ ወጣ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ይሮጣል። ሐኪሙ ግን “ለምን አስመለሳችሁት?” ብሎ ተቆጣን፤ ለልጁም የረባ መድኃኒት አልሰጡትም። ሌላ ጊዜ ምን ላድርግ?*

እማማ፣ እንኳን አላህ ማረልዎ። አብሽሩ፤ ልጁን የጠቀመው ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይዘውት መሄድዎ ነው። “ትንሽ ይተኛና ይሻለዋል” ብለው ቤት ቢያቆዩት ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ሐኪሙ የተቆጣበትን ምክንያት ላስረዳዎ። የባሕር ዛፍ ዘይት እንደ ምግብ ዘይት ወፍራም አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይተናል። ልጁ ሲውጠው ወደ ሆድ ይገባል። ሲያስመልስ ግን በመጣበት ጉሮሮ ሲመለስ ጥቂቱ ወደ ሳንባ ሊያመልጥ ይችላል። ሳንባ ውስጥ የገባ ጥቂት ጠብታ ሆድ ውስጥ ካለው የበለጠ ሊጎዳ ይችላል፤ ሳንባውን ያቃጥለውና ልጁ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ትኩሳት ይከተላል። ላምባ የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ አይደረግ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላም አለ፤ ይህ ዘይት አእምሮን ያደነዝዛል፣ አንዳንዴም ያንቀጠቅጣል፤ ይህ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊመጣ ይችላል። እየደነዘዘ ያለ ልጅ ሲያስመልስ ትውከቱን መልሶ ወደ ውስጥ ሊስበው ይችላል።

ወተቱም አያረክሰውም። እንዲህ ያሉ ዘይቶች በቅባት ውስጥ ይሟሟሉ እንጂ በወተት አይከሽፉም፤ የሞላ ሆድ ደግሞ ለትውከት ይቀርባል። የጨው ውሃ፣ የሳሙና ውሃ፣ የእንቁላል ውሃ፣ ሎሚ፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው፤ አይስጡ።

ሌላ ጊዜ፣ አያድርገውና፣ ቢገጥምዎ ጠርሙሱን ከእጁ ይቀበሉ። አፉ ውስጥ የቀረውን በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ ጥርግ ያድርጉለት፤ መትፋት የሚችል ከሆነ ያስተፉት። በደንብ የነቃና የሚያለቅስ ከሆነ አንድ ሁለት ጉንጭ ውሃ ቢቀምስ ምንም አይደለም፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ልብሱ ላይ ፈስሶ ከሆነ ያውልቁለት፣ ቆዳውን በሳሙና ይጠቡት፤ የሚተነው ሽታ ከደረቱ ላይ ሆኖ ያፍነዋልና። ቀና አድርገው ይያዙትና ወዲያው ይንቀሳቀሱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ባጃጅ ከቀደመ ባጃጅም ይሁን። ጠርሙሱን ይዘው ይምጡ፤ ባዶም ቢሆን ይዘውት ይምጡ። እኛ ጠርሙሱ ላይ የምናየው የዘይቱን ስምና መጠኑን ነው፤ “ከገዛነው ጀምሮ ግማሽ ደርሶ ነበር፣ አሁን ይህችን ታህላለች” ቢሉን ደግሞ ብዙ ነገር ይቀለናል። የጠጣበትን ሰዓትም ያስታውሱ።

“ስንት ቢጠጣ ነው የሚያሰጋው?” ብለው ሌሎችም ጠይቀዋል። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ለትንሽ ልጅ ከዚያች ማንኪያ ግማሽ የምታህለው የባሕር ዛፍ ዘይት እንኳ ሊያደነዝዝ ትችላለች፤ ሙሉዋ ሊያንቀጠቅጥና ትንፋሽ ሊያዳክም ትችላለች። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ እስከ 4 ሰዓት የሚዘገይበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ልጁ መጫወት ስለጀመረ ከመንገድ አትመለሱ።

በመንገድ ላይ ከደነዘዘ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ወደ ታች ዘንበል ይበል። ቢያንቀጠቅጠውም እንደዚሁ በጎኑ። በጥርሱ መካከል ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፤ አጥብቃችሁም አትያዙት። ይህን ለሁሉም አንባቢ አጥብቄ እለምናለሁ፦ ሰው ሲያንቀጠቅጠው ክብሪት ጭሮ ማሽተት በየሰፈራችን የተለመደ ነው። ለማንኛውም መንቀጥቀጥ አይጠቅምም። ልብሱ በባሕር ዛፍ ዘይት የራሰ ልጅ አፍንጫ ሥር ክብሪት መጫር ደግሞ እሳት መለኮስ ነው፤ እነዚህ ዘይቶች ይነዳሉ።

“የረባ መድኃኒት አልሰጡትም” ላሉት፣ እማማ፣ ቅር አይበልዎ። ለዚህ ዘይት ማርከሻ የሚባል መድኃኒት የለውም። የሚደረገው ትንፋሹን መጠበቅ ነው፤ ኦክስጅን ካስፈለገው ኦክስጅን፣ ካንቀጠቀጠው የሚያቆም መርፌ፣ ሳሉ ካላቆመ የደረት ራጅ። ሌሊቱን ሙሉ አንዲት ነርስ እየመጣች ደረቱን ስታይ፣ ጣቱ ላይ መለኪያ ስታደርግ አይተው ይሆናል። ሕክምናው እሱ ነበር። ቤት ከገባ በኋላ ግን ሳል ከጀመረው፣ ካተኮሰው ወይም ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ገባ ወጣ ካለ ቶሎ ይመልሱት።

ባሕር ዛፍ ብቻም አይደለም። ካምፎር ያለባቸው የጉንፋን ቅባቶች ሲዋጡ ልጅን ያንቀጠቅጣሉ። የቅርንፉድ ዘይት ጉበት ይጎዳል። ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሸጠውና ዊንተርግሪን የሚባለው ዘይት የከፋው ነው፤ ንጹሑ አንድ የሻይ ማንኪያ 7 ግራም ገደማ አስፕሪን እንደ መዋጥ ነው፤ ይህ ሕፃን ሊገድል ይችላል። የትኛውም ይሁን፣ “አንድ ጉንጭ ናት” ተብሎ አይታለፍም።

ጠርሙሱን ከራስጌ አንሱትና ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ወይም ከቁም ሣጥን አናት በላይ አስቀምጡት። ወደ ሃይላንድ ወይም ወደ ለስላሳ ጠርሙስ በፍጹም አትገልብጡት።

ከሰል ላይ ጠብ የሚደረገው ዘይት

*ሲስተር፣ ሆጤ ነው የምንኖረው። ክረምት ላይ ብርዱ ስለሚከፋ ማታ ከሰል አቀጣጥለን ወደ ቤት እናስገባለን፤ ቤቱ ጥሩ እንዲሸት የላቬንደር ዘይት ጠብ ጠብ እናደርግበታለን። እናቴ አስም አለባት። ሰሞኑን ጠዋት ስንነሣ ሁላችንም ራሳችንን ያመናል። ዘይቱን በሌላ እንቀይረው?*

ዘይቱን አትቀይሩት፤ ከሰሉን ዛሬውኑ ከቤት አውጡት። ደብዳቤሽን ሳነብ የደነገጥኩት “ሁላችንም” በምትለዋ ነው። በአንድ ቤት ያደሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ሲያቅለሸልሻቸው፣ ከቤት ሲወጡ ደግሞ ሲሻላቸው መጀመሪያ የሚጠረጠረው የከሰሉ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም። ላቬንደሩ ደግሞ ቤቱን የጠራ ያስመስለዋል፤ ራስ ምታቱንም “ሽታው ነው” ብላችሁ እንድታልፉት አድርጓችኋል።

የደሴን ብርድ አውቀዋለሁ፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት ሰሞን በር መክፈት ይከብዳል። ከሰሉ ግን ውጭ ተቀጣጥሎም ቢገባ፣ ጭሱ ቢጠፋም፣ ፍም እስከሆነ ድረስ ጋዙን ይሰጣል። ተኝታችሁ በምታድሩበት ክፍል ጨርሶ አይደር። አንድ ሰው ቢደነዝዝ ወይም አልነቃ ቢል በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፤ 907 ደውሉ። የነቁትም አብረው መታየት አለባቸው። የእናንተ ነገር ለቀናት የቆየ ስለሆነ፣ በተለይ እናትሽ፣ ቤት ሳትጠብቁ ዛሬ ሐኪም ይያችሁ።

ዘይቱ ፍም ላይ ሲወድቅ ቦግ ብሎ ይነሣል፤ ጎንበስ ያለችን ሴት ነጠላ ይይዛል። ለአስም በሽተኛም ጠንካራ ሽታ፣ ላቬንደርም ይሁን ሰንደል፣ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። እናትሽን ካፈናት ወደ ንጹሕ አየር አውጪያት፣ ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ የታዘዘላትን የሚነፋ መድኃኒት ትውሰድ፤ ካልተሻላት ሆስፒታል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ልጅን በፈላ ውሃ ላይ በፎጣ ሸፍኖ የባሕር ዛፍ እንፋሎት ማጠን እባካችሁ ይቅር። ሳፋው ይደፋል። ተቃጥሎ የሚመጣው ልጅ ጭኑና ሆዱ ተልጦ ነው። ከተቃጠለ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት፤ ቧንቧ ካልመጣ ከጀሪካን በጣሳ እየቀዳችሁ ቀስ እያላችሁ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ እንቁላል አትቀቡት፤ ቁስሉን ከማጽዳታችን በፊት እነሱን ስንልጥ ልጁ ሁለተኛ ይሰቃያል።

“ደንበኛዬ ጭንቅላቷ ነደደ”

*ሰላም ሲስተር። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከሥራ ውጪ የፀጉር ቅባት አዘጋጅቼ ለጓደኞቼ እሸጣለሁ። ቲክቶክ ላይ እንዳየሁት 200 ሚሊ ሊትር የጥቁር አዝሙድ ዘይት ውስጥ ሙሉ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሮዝሜሪና ሙሉ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ፔፐርሚንት ጨመርኩ። ብዙዎቹ ወደዱት። አንዷ ግን ጭንቅላቷ ነደደ፣ ግንባሯ ድረስ ቀላ፣ ውሃ የያዘ ሽፍታ ወጣባት። በውሃ ብትታጠበውም አልለቀቀም። ምን ላድርግላት?*

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ደንበኛሽ። ዘይት በውሃ ብቻ አይለቅም፤ በሻምፑ ወይም በለስላሳ ሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ ትታጠበው፣ አረፋው ወደ ዓይኗ እንዳይወርድ ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ። አትከከው፣ ሌላ ቅባት አትደርብበት፣ ለጥቂት ሳምንት ቀለምም ሂውማን ሄርም ይቅርባት። ውሃ የያዘው ሽፍታ ስላለ ሐኪም ይየው። ከንፈሯ ወይም የዓይኗ ቆብ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራት ግን ይህ ሌላ ነገር ነውና ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። አለርጂ ከሆነም ቆዳዋ አይረሳውም፤ ያንን ዘይት ከዓመታት በኋላም ብትነካው ሊመለስባት ይችላል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንየው። በ200 ላይ 20 ጨምረሻል፤ ከጠቅላላው 9 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ለአዋቂ ሰው ሰውነት በተለምዶ የሚመከረው 2 በመቶ አካባቢ ነው፣ ለፊት 1 በመቶ። ለ200 ሚሊ ሊትር ሁለቱም ዘይቶች ተደምረው 4 ሚሊ ሊትር ይበቃሉ። በጠብታ አትቁጠሪ፤ የጠርሙሶቹ አፍ ስለሚለያይ ጠብታውም ይለያያል። ከመድኃኒት ቤት የ5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ገዝተሽ ያለ መርፌው ለኪ። የቲክቶኳ ልጅ ስሪንጅ ስትይዝ አላየሻትም፤ አንቺ ግን ትሸጫለሽ፣ የሰው ቆዳ አደራ አለብሽ።

የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተጨምቆ የሚወጣ ስለሆነ ከእነዚያ ከሚተኑት የለዘበ ነው። ቢሆንም እሱ ራሱ ቆዳቸውን የሚያስቆጣባቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ደንበኛ ከክርኗ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል የአንድ ሳንቲም ያህል ቦታ ቀብታ 48 ሰዓት ትጠብቅ። ፔፐርሚንት ያለበትን ለሕፃንና ለትንሽ ልጅ ፀጉር አትሽጪ፤ አፍንጫቸው ሥር ሲደርስ ትንፋሻቸውን ሊያስቆም ይችላል። የጉንፋን ቅባትንም በዚሁ ምክንያት ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትቀቡ፣ ለማንም በአፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ አታስገቡ።

ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ዘይት ቶሎ ያረጃል። ያረጀ ላቬንደርና ቲ ትሪ ደግሞ ከአዲሱ ይልቅ ቆዳ ያስቆጣል። በጥቁር ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። የተሠራበትን ቀን፣ ምን ምን እንዳለበትና “አይጠጣም” የሚለውን በአማርኛ ለጥፊበት።

ጤና አዳም ተቀብቶ ፀሐይ የሞቀ ሕፃን

*ሲስተር፣ የአምስት ወር ልጄን ሆዱን ሲነፋው አማቴ ጤና አዳም ጨቅጭቃ በዘይት ለውሳ ቀባችው። ጠዋት እንደልማዳችን ፀሐይ አሞቅነው። በሁለተኛው ቀን ሆዱ ላይ የእሳት ቃጠሎ የመሰለ ውሃ የቋጠረ እብጠት ወጣ። ማንም አላቃጠለውም!*

ማንም አላቃጠለውም፤ ያቃጠለው ፀሐዩ ነው። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው እንዲህ ያደርጋል፤ የሎሚና ቤርጋሞት የሚባለው የብርቱካን ዘመድ ዘይትም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስለሚወጣ ሰው ከቅጠሉ ጋር አያገናኘውም። በከፍታችን ያለው የደሴ ፀሐይ ደግሞ ብርዱ ቢያታልለንም ኃይለኛ ነው።

ቆዳው ላይ የቀረ ካለ በሳሙናና በውሃ እጠቢው፣ ከፀሐይ ሰውሪው፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጊበት፣ ውሃ የቋጠረውን አታፍርጪ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ እብጠት ከወጣበት ጤና ጣቢያ ይታይ። ሲድን ጥቁር ምልክት ለሳምንታት፣ ለወራትም ሊቆይ ይችላል፤ ይጠፋል፣ አትጨነቂ። አማትሽን አትቆጫት፤ ልጆቿን ያሳደገችበትን ነው ያደረገችው። ይህን ጽሑፍ አንብቢላትና ቡና ላይ ጣል የምትደረገው ቅጠል ሌላ፣ ተጨቅጭቆ ቆዳ ላይ የሚቀባው ሌላ መሆኑን አስረጃት። የጤና አዳም ዘይት ተብሎ የሚሸጠውን ደግሞ ነፍሰ ጡር በአፏ አትውሰደው፤ ማህፀን ያስቆጣል።

የጥርስ ሕመምና የቅርንፉድ ዘይት

*ጥርሴን ሲያመኝ የቅርንፉድ ዘይት ከጠርሙሱ በቀጥታ ድዴ ላይ አፈሳለሁ። ድዴ ነጭ ሆኖ ተላጠ።*

አቁሙት፤ አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡና ይትፉት። ቅርንፉድ ያደነዝዛል፣ ሕመሙን ለሰዓታት ሊያስታግስ ይችላል፤ ያልተቀጠነው ግን ድድ ያቃጥላል። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የተቦረቦረ ጥርስ በዘይት አይድንም። ጥርስ ለሚያወጣ ሕፃን ድድ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ዓይን ውስጥ ሲገባ

*ባጃጅ ነጂ ነኝ። ለሽታ የሰቀልኩት የዘይት ጠርሙስ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ተከፍቶ ዓይኔ ውስጥ ረጨኝ። በጨርቅ ጠረግኩት፤ እስከ ማታ ነደደኝ። ወተት አድርግበት ብለውኝ ነበር።*

ወተት አይደረግም፣ ምራቅም፣ ሌላ ዘይትም። ወዲያው ዳር ይዘህ መቆምህ ነው የመጀመሪያው እርዳታ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ፤ የታሸገ ሃይላንድ ካለህ እሱን። ራስህን ወደ ተነካው ዓይን ዘንበል አድርገህ፣ ወደ ደህናው እንዳይፈስ፣ ቆቡን በጣትህ ከፍተህ ከአፍንጫህ በኩል ወደ ውጭ አፍስስ፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ። አንድ ሊትር ስለማይበቃህ ከጎረቤት ሱቅ ጀሪካን ለምን። ሌንስ የሚያደርግ ሰው ሌንሱን ያውጣ። በጨርቅ አትሸው፤ የዓይንን ፊት ይልጠዋል።

ታጥበህም ከነደደህ፣ ብርሃን ካስቸገረህ ወይም ማየትህ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ታይ፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ። ጠርሙሱንም ከባጃጁ አውርደው፤ በፀሐይ የጋለ ተሽከርካሪ ውስጥ የሚነድ ዘይት አይሰቀልም።